‹‹ይነዝራል እንጂ አይገድልም››

ስንፍናን ጥበብ የሚያስመስሉ አባባሎች አሉ። በእኛ አገር፣ በቁይም ይኹን በደብረ ማርቆስ፣ ‹‹ምጣዳችሁ ይነዝራል?›› ብሎ የጠየቀ ሰው የሚያገኘው መልስ ከሞላ ጎደል አንድ ነው። ‹‹ትንሽ ይነዝራል እንጂ አይገድልም።›› መልሱን የምትሰጠው እናት ናት፤ እኅት ናት፤ ወይም ከገጠር መጥታ በሰው ቤት የምትጋግር ልጅ ናት። አባወራው ይህን ሲመልስ ሰምቼ አላውቅም። እርሱን መቼ ነዘረውና! እርሱ ከምጣዱ ጋር የሚተዋወቀው እንጀራው መሶብ ከገባ በኋላ ነው።

ክርክሬ ከዚህች አጭር ዐረፍተ ነገር ጋር ነው። በውስጧ ሁለት ሐሰት አለ። የመጀመሪያው መንዘር የምጣድ ጠባይ ነው የሚለው ነው፤ በሬ እንደሚወጋ፣ በቅሎ እንደምትራገጥ። ሁለተኛው የሚነዝረውና የሚገድለው የተለያዩ ናቸው የሚለው ነው። የሚከፋው ሁለተኛው ስለኾነ ከእርሱ እጀምራለሁ።

አማርኛችን ለአንዱ ነገር ሁለት ግሥ አበጅቷል፤ ‹‹ነዘራት›› እና ‹‹ያዛት››። የክራር ጅማት ይነዝራል፤ ያልታሰበ የምሥራች ሰውነትን ነዘር ያደርጋል። ግሡ ለስላሳ ነው፤ መጥቶ የሚያልፍ ነገር ይመስላል። ‹‹መብራት ያዛት›› ሲባል ግን ጎረቤት ኹሉ ነጠላውን ሳይደርብ ይሮጣል። ሁለቱ ግሦች ሁለት ጠላት ያለ አስመስለው አሳድገውናል። ጠላቱ ግን አንድ ነው፤ የሚለየው መጠኑ ብቻ ነው። የአምፔር አንድ ሺሕኛ (1 ሚሊ አምፔር) ያህል በሰው አካል ሲያልፍ ሰውየው ይሰማዋል፤ ይህ ‹‹ነዘረ›› ነው። 10 ሚሊ አምፔርና ከዚያ በላይ ሲያልፍ የእጅ ጡንቻ ይኮማተራል፤ ብረቱን የጨበጠ እጅ መልቀቅ ያቅተዋል፤ ይህ ‹‹ያዘ›› ነው። በነገራችን ላይ ያ ግሥ እንዴት ያለ ትክክለኛ ግሥ ነው! እስከ 100 ሚሊ አምፔር የሚደርሰው በደረት በኩል ካለፈ ደግሞ ልብ ምቷን ትስታለች።

ታዲያ በ‹‹ነዘረ›› እና በ‹‹ያዘ›› መካከል ያለው ድንበር ምንድን ነው? ምጣዱ አይደለም። ቆዳ ነው። ደረቅ ቆዳ ለኤሌክትሪክ ክፉ መንገድ ነው፤ ብዙ ሺሕ ኦም ይከላከላል። እርጥብ ቆዳ ግን ወደ 1000 ኦም ገደማ ይወርዳል። 220 ቮልትን ለ1000 ኦም አካፍሉት፤ 220 ሚሊ አምፔር ይወጣል። ከመግደያው መጠን ከእጥፍ በላይ ነው። እንግዲህ ልብ በሉ፤ እንጀራ ጋጋሪ እጇ መቼ ደረቅ ኾኖ ያውቃል? ሊጥ ትቀዳለች፤ ታሰፋለች፤ ማሰሻ ትይዛለች፤ እንፋሎት ከአክንባሎው ሥር እየወጣ ፊቷንና ክንዷን ያረጥባል። ወለሉ አፈር ከኾነ ክረምት በገባ ቁጥር እርሱም ይረጥባል። ማክሰኞ የነዘራት ምጣድ ቅዳሜ ሊይዛት ይችላል። ምጣዱ ያው ነው፤ ቅዳሜ እጇ ላይ ትንሽ ሊጥ ነበረ፤ ይኸው ነው ልዩነቱ።

ሌላም አለ፤ ይህን ሳነብ በበኩሌ አፍሬአለሁ። በበርክሌይ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የኤሌክትሪክ ምህንድስና መምህር የነበሩት ቻርልስ ዳልዚል፣ ሰው በስንት ሚሊ አምፔር ላይ ብረት መልቀቅ እንደሚያቅተው በፈቃደኞች ላይ ለክተው ነበር። ለወንዶች አማካዩ 16 ሚሊ አምፔር ኾኖ ተገኘ፤ ለሴቶች 10.5። በሌላ አነጋገር፣ ወንዱን ገና ‹‹የሚነዝረው›› ሴቲቱን ‹‹ይይዛታል››። አባወራው ጣቱን ጫን አድርጎ፣ ‹‹አየሽ፣ ምንም አይደል!›› ቢላት የሞከረው በራሱ ሚዛን ነው። ከምጣዱ ፊት የምትቆመው ግን እርሷ ናት።

አሁን ወደ መጀመሪያው ሐሰት ልመለስ። መንዘር የምጣድ ጠባይ ነውን?

የኤሌክትሪክ ምጣድ ሥራው ቀላል ነው። 60 ሴንቲ ሜትር ያህል ስፋት ያለው የሸክላ ምጣድ ከሥሩ እንደ ቀለበት የሚዞር ቦይ ይወጣለታል፤ በቦዩ ውስጥ የተጠቀለለ የኒክሮም ሽቦ ይተኛል፤ በላዩ ይደፈናል፤ ከዚያ በላሜራ ሣጥን ውስጥ ይቀመጣል። ከ3 እስከ 4 ኪሎ ዋት ይወስዳል፤ በ220 ቮልት 16 አምፔር ገደማ መኾኑ ነው። ሸክላው ሲሰነጠቅ፣ ሊጥ ሲፈስበት፣ ድፋኑ ሲረግፍ፣ ሽቦው በሆነ ነጥብ ላይ ላሜራውን ይነካዋል፤ ወይም በእርጥበቱ በኩል ወደ ላሜራው መንገድ ያገኛል። ያን ጊዜ ላሜራው ራሱ ሽቦ ኾነ ማለት ነው። ይህ ጠባይ አይደለም፤ ብልሽት ነው። የተሰበረ ነገር ተሰበረ ይባላል እንጂ ‹‹ጠባዩ ነው›› አይባልም።

ሰፈራችን ለዚህ ብልሽት መድኃኒት አለው። ‹‹ስፒናውን ገልብጣችሁ ሰኩት!›› ይገለበጣል፤ እውነትም መንዘሩ ይተዋል። ሰው ኹሉ ይገረማል። የሚያስገርም ግን የለውም። ሽቦው ላሜራውን የነካው ወደ አንደኛው ጫፍ ቀረብ ብሎ ከኾነ፣ ያ ጫፍ በፌዙ በኩል ሲውል ላሜራው ወደ 220 ቮልት ይጠጋል፤ ስፒናው ሲገለበጥ ያው ጫፍ በኑሉ፣ በተመላሹ ገመድ በኩል ይውላልና ላሜራው ላይ ጥቂት ቮልት ብቻ ይቀራል። ብልሽቱ እዚያው ነው፤ የተገለበጠው ዕድል ነው። ነገ ልጂቱ ምጣዱን ጠርጋ ስፒናውን መልሳ ስትሰካ በየትኛው ወገን እንደምትሰካው ማን ያውቃል? ሽቦው መካከሉ ላይ ነክቶ ከኾነማ ቢገለብጡትም ባይገለብጡትም 110 ቮልት ገደማ ላሜራው ላይ ተቀምጦ ይጠብቃል። ሕይወትን በስፒና አገላለበጥ ዕጣ ማውጣት ይሉሃል ይህ ነው።

እውነተኛው መድኃኒት ሦስተኛው ገመድ ነው፤ አረንጓዴና ቢጫ የለበሰው፤ ኤሌክትሪሺያኖች ‹‹ኧርዝ›› የሚሉት፤ በአማርኛ መሬት። ከላሜራው ተነሥቶ በሶኬቱ አልፎ፣ ከቤቱ ውጭ በተቀበረ የመዳብ ዘንግ አድርጎ መሬት ይገባል። ላሜራው ሲበላሽ ኤሌክትሪኩ የሰው እጅ ሳይጠብቅ በዚያ ይሄዳል። በቅኔ አገር፣ በዲማና በዋሸራ ምድር የተወለድን ሰዎች ‹‹መሬት›› በሚለው ቃል ስንት ሰምና ወርቅ ሠርተናል! ስለ መሬት ተካስሰናል፤ ስለ መሬት ተገዳድለናል፤ አንድ ክንድ ድንበር ገፋህ ብሎ ወንድም ወንድሙን ሽማግሌ ፊት ያቆመዋል። ያው ጎጃሜ ግን በቤቱ ለሚያስገባው ኤሌክትሪክ አንዲት ዘንግ የምትቆምበት መሬት ይነፍገዋል። ከዓመታት በፊት በዚህ ጉዳይ ተናድጄ የጻፍኋት ሁለት ስንኝ አለችኝ፤ ከግጥሞቼ ኹሉ በጥቅም የምትሻል እርሷ ሳትኾን አትቀርም፤

መሄጃ መሬቱን የነፈግኸው ጌታ፣
በሚስትህ መዳፍ ነው የሚወጣው ማታ።

ስለ ዘንጉ ጥቂት ልጨምር፤ በእኛ አፈር ላይ ነገሩ ይለያልና። ጥቁሩ ዋልካ ክረምት ላይ ውኃ ጠጥቶ ሲያብጥ ዘንጉን ጥብቅ አድርጎ ይይዘዋል፤ ለኤሌክትሪክም ጥሩ መንገድ ነው። በጋ ላይ ግን ያው ዋልካ ይሰነጣጠቃል፤ ከዘንጉ ይሸሻል። በነሐሴ ተለክቶ ‹‹ደኅና ነው›› የተባለው ኧርዝ በሚያዝያ ሌላ ነው። ስለዚህ አንድ ክንድ ያህል ብረት ከሰቀላው ጥግ ቀብሮ ‹‹ኧርዝ አስገብቻለሁ›› ማለት ራስን ማታለል ነው። ዘንጉ ከሚሰነጠቀው አፈር ዘልቆ፣ በጋም ክረምትም እርጥበት ከማያጣው ላይ መድረስ አለበት፤ የሚለካም ከኾነ መለካት ያለበት በበጋ ነው።

እስካሁን ያነሣሁት ምጣዱን ነው። ብዕሬን ያስነሣኝ ግን ከምጣዱ ቀጥሎ የመጣው እንግዳ፣ ካቢኔ ውስጥ የሚገጠመው የኤሌክትሪክ ኦቭን ነው።

እኔ የባንክ ሠራተኛ ነኝ። በመስኮቴ በኩል የሚያልፈው የሐዋላ ገንዘብ ወዴት እንደሚሄድ ደንበኞች ሳልጠይቃቸው ይነግሩኛል፤ ሰው ቤት ሲሠራ ዝም ማለት አይችልም። ‹‹ለሴራሚክ ነው›› ይላል አንዱ። ‹‹ለጂፕሰም ኮርኒስ›› ትላለች ሌላዋ። ‹‹እኅቴ ከዱባይ የላከችው፣ ለኪችን ካቢኔ።›› ለበሩ ላሜራ፣ ለአጥሩ ጦር፣ ለሳሎኑ መጋረጃ ገንዘብ ቆጥሬ ሰጥቻለሁ። ‹‹ለኧርዝ ዘንግ ነው›› ብሎ ከመስኮቴ የቆመ ደንበኛ ግን እስከ ዛሬ አልገጠመኝም። ስለዚህ ‹‹ድህነት ነው፣ ምን እናድርግ›› የሚለውን መከራከሪያ እኔ ዘንድ አታምጡት። በጭቃ ቤት በአንድ ክፍል ለሚኖረው ምስኪን ይህ ሰበብ ይገባዋል፤ ለእርሱ ተጠያቂው ሌላ ነው። ኦቭን ከካቢኔ ጋር ላስገጠመ ሰው ግን አይገባውም። የአንድ መታጠቢያ ቤት ሴራሚክ ለዘንጉም፣ ለገመዱም፣ ለብሬከሩም ይተርፋል። የማናደርገው ስለማይታይ ነው። እንግዳ መጥቶ ‹‹እንዴት ያለ የሚያምር ኧርዝ ነው!›› አይልም።

ኦቭኑ ከምጣዱ በምን ይብሳል? ምጣድ ቢያንስ ዓይን ፊት ነው፤ ገመዱ ይታያል፤ ስፒናው ይነቀላል፤ ከነዘረ ይሸሻል። ኦቭኑ ግን በእንጨት ውስጥ ተቀብሮ፣ ገመዱ ከጀርባው ተሸሽጎ፣ ፊቱ ብቻ ሲያብረቀርቅ የሚኖር የብረት ሣጥን ነው። ጀርባው ላይ ሦስት መቆንጠጫ አለ፤ ለፌዝ፣ ለኑል፣ ለመሬት። ሠሪው ሦስተኛውን ያስቀመጠው ለጌጥ አልነበረም። ግድግዳው ውስጥ ሁለት ገመድ ብቻ ሲገኝ ግን ገጣሚው ሁለቱን ያስራል፤ ሦስተኛውን ይተወዋል፤ ኦቭኑን ወደ ጉድጓዱ ይገፋዋል፤ በሁለት ብሎን ያስረዋል። መብራቱ በራ፤ ሞቀ፤ እልል ተባለ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ያን ሦስተኛ መቆንጠጫ ባዶውን መኾኑን የሚያውቅ ሰው በቤቱ የለም።

ከዓረብ አገር የሚመጣውን ተመልከቱ። ከዱባይ የመጣ ዕቃ ብዙ ጊዜ የእንግሊዙን ባለ ሦስት እግር ስፒና ይዞ ይመጣል። ከሦስቱ እግሮች አንዱ ከሁለቱ እንደሚረዝም አይታችሁ ታውቃላችሁ? ያ የመሬቱ እግር ነው። የረዘመበት ምክንያት ሲሰካ ከኹሉ ቀድሞ እንዲገባ፣ ሲነቀልም ከኹሉ ኋላ እንዲወጣ ነው፤ ሰውየው ዕቃውን በሚነካበት በማንኛውም ቅጽበት መሬቱ አብሮት እንዲኖር። እንዴት ያለ ለሰው ማሰብ ነው! እኛ ያን ስፒና ምን እናደርገዋለን? ሁለት እግር ብቻ ባለው አዳፕተር እንሰካዋለን፤ ወይም ቆርጠን ጥለን ገመዱን ልጠን ሁለቱን እናስራለን፤ አረንጓዴና ቢጫውን ወደ ኋላ አጥፈን በፕላስተር እንጠቀልላለን። እግሩን አርዝሞ ለላከልን መሐንዲስ መልሳችን ይህ ነው።

ትክክለኛው አገጣጠም ምሥጢር የለውም፤ ከካርቶኑ ውስጥ በሚወጣው መመሪያ ተጽፏል፤ እኛ የምንጥለው ከፎሙ ጋር ነው እንጂ። ኦቭኑ ከሳሎንና ከመኝታ ቤት ጋር የማይጋራው የራሱ መሥመር፣ የራሱም ብሬከር ይኑረው። እስከ 16 አምፔር ለሚወስደው ገመዱ ከ2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር አይነስ፤ ከላዩ አብሮ የሚሠራ የማብሰያ ምድጃ ያለው ከኾነ እስከ 32 አምፔር ይደርሳልና 6 ካሬ ሚሊ ሜትር ያስፈልገዋል። ማጥፊያው እጅ ከሚደርስበት ይኹን እንጂ ከኦቭኑ ጀርባ አይሸሸግ፤ በጭንቅ ጊዜ የሚፈለግ ነገር ነው። ካቢኔው ከኋላና ከሥር አየር የሚወጣበት ክፍተት ይፈልጋል፤ አናጢው ጥሩ የሠራ መስሎት ግጥም አድርጎ ሲዘጋው እንጨቱን እያደረቀ ለእሳት ያዘጋጀዋል። የጎን ብሎኖቹም ይጥበቁ፤ በሩ ተከፍቶ ከባድ ድፎ ዳቦ በላዩ ሲያርፍ ኦቭኑ ወደ ፊት እንዳያዘነብል። ሴቶቻችን አዲስ ምጣድ ሳያሟሹ እንደማይጋግሩበት ኹሉ ኦቭኑም መሟሸት አለበት፤ ባዶውን፣ መስኮት ተከፍቶ፣ በከፍተኛው ሙቀት ግማሽ ሰዓት ያህል ቢቆይ የፋብሪካው ዘይት ተቃጥሎ ይወጣል። ሲያወጡም በደረቅ ጨርቅ ነው፤ እርጥብ ጨርቅ ሙቀቱን አቀብሎ እጅ ያቃጥላል።

አንድ ነገር ግን መመሪያው አይነግረንም፤ የእኛ ነውና። እኛ ቤት ኦቭን በዓመት ስንት ጊዜ ይሠራል? ለገና፣ ለፋሲካ፣ ምናልባት ለክርስትና። በቀሩት ወራት ሳህን ማስቀመጫ ነው። የኦቭኑ ማሞቂያ ዘንግ በውስጡ ነጭ ዱቄት አለው፤ ሽቦውን ከውጭኛው ብረት የሚለየው እርሱ ነው፤ ይህ ዱቄት ጫፍና ጫፉ በደንብ ካልታሸገ ሳይሠራ በቆየ ቁጥር እርጥበት ይስባል። ክረምቱን ሙሉ በደጋው ብርድ ቆይቶ ለበዓል ሲከፈት ጥቂት ኤሌክትሪክ ወደ ብረቱ ያሾልካል። ቤቱ ደኅና መከላከያ ካለው ብሬከሩ ይመልሰዋል፤ ይቆርጣል። ያን ጊዜ ምን ይደረጋል? ‹‹ብሬከሩ ተበላሸ፣ ዳቦው ሊበላሽ ነው!›› ተብሎ ኤሌክትሪሺያን ይጠራል፤ ብሬከሩ ይነቀላል፤ ገመዱ በቀጥታ ይታሰራል። የጮኸውን ውሻ ገድለን ሌባውን እናስገባለን።

‹‹ብሬከር አለኝ፣ ምን ያሰጋኛል?›› ለሚለው ወዳጄ መልስ ልስጥ። 16 አምፔር የተጻፈበት ብሬከር የሚጠብቀው ገመድህን ነው፤ ሚስትህን አይደለም። ሰው ለመግደል 0.1 አምፔር ሲበቃ ብሬከርህ 16 አምፔር እስኪያልፍ አይነቃነቅም። ኧርዝህ ብቻውንም አይበቃም፤ የዘንግህ ተቃውሞ 50 ኦም ቢኾን በእርሱ የሚሄደው 4.4 አምፔር ነው፤ ብሬከሩ ይህንንም ከቁጥር አያስገባውም። ሰው የሚጠብቀው በተለምዶ ‹‹ኧርዝ ሊኬጅ›› የሚባለው ሌላው ብሬከር ነው፤ ወጪውንና ተመላሹን እያመሳከረ፣ እንደ እኛ እንደ ገንዘብ ያዦች፣ 30 ሚሊ አምፔር የጎደለ እንደኾነ ከሰከንድ ክፍልፋይ ባነሰ ጊዜ ቤቱን ያጨልማል። የዛሬውን ዓይነት በአሜሪካ የፈለሰፉት እነዚያው ዳልዚል ናቸው፤ እ.ኤ.አ. በ1961። ላዩ ላይ ‹‹ቲ›› የተጻፈባት ቁልፍ አለች፤ በየወሩ ስትጫን መቁረጥ አለባት፤ ካልቆረጠች ሞታለች። ዘንጉና ይህ ብሬከር ባልና ሚስት ናቸው። ዘንጉ ካለ ኦቭኑ በተበላሸበት ቅጽበት፣ ማንም ሳይነካው ይቆርጣል። ዘንጉ ከሌለ ግን ሰው እስኪነካው ይጠብቃል።

‹‹ጎማ ጫማ ታድርግ፣ ጣውላ ላይ ትቁም›› የሚሉም አሉ። ይህን የሚመክሩ ሰዎች ልባቸው ቅን ነው፤ ጣውላውም እንደ ጊዜያዊ ነገር ከባዶ እግር ይሻላል። ነገር ግን አንድ እጇ ኦቭኑን ሲነካ ሌላው የቧንቧውን መክፈቻ ወይም የብረቱን መታጠቢያ ቢነካ ጎማው ምን ይፈይዳል? ኤሌክትሪኩ ከእጅ ወደ እጅ፣ በደረት በኩል ያልፋል፤ መንገዱ ኹሉ ከዚያ የከፋ የለም። ደግሞስ ለእንግዳ ሴራሚክ ያነጠፈ ሰው ለሚስቱ ጣውላ ሲያነጥፍ አያፍርም?

ከኹሉ የሚያስፈራኝ ግን ‹‹ኑሉን ከብረቱ አስሬዋለሁ፣ አሁን አይነዝርም›› የሚለው ዐዋቂ ነው። እውነት ነው፤ አይነዝርም። የሚያሳስተውም ይኸው ነው። ኑሉ ምሰሶ ላይ በነፋስ ወይም በዛፍ የተበጠሰ ቀን፣ በቤቱ የበራ አንድ አምፖል ይበቃል፤ ፌዙ በአምፖሉ አልፎ ወደ ተበጠሰው ኑል፣ ከኑሉም ወደ ኦቭኑ ብረት ይመጣል። ኦቭኑ አልተበላሸም፤ አልበራምም፤ ብረቱ ግን 220 ቮልት ኾኗል። ‹‹ፈረንጅም ያደርገው ነበር›› ቢባል፣ አዎን፣ አድርጎታል። አሜሪካኖች በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን መዳብ ለመቆጠብ የኤሌክትሪክ ምድጃን አካል ከኑል ጋር ማሰርን ፈቀዱ፤ ጦርነቱ አልቆም ፈቃዱ ሰነበተ፤ ለአዲስ ዝርጋታ የከለከሉት እ.ኤ.አ. በ1996 ነው። በጦርነት ቸግሯቸው የጀመሩትንና የተዉትን ነገር እኛ እንደ ሙያ ምሥጢር እየተቀባበልነው ነው።

ኤሌክትሪሺያኖቻችንን ብቻ መውቀስ ግን አይኾንልኝም። ‹‹ጋሼ፣ ሦስተኛ ገመድ ልጨምር?›› ብሎ የሚጠይቅ ወጣት አለ። ‹‹ለምኑ? ገንዘብ ልታስበላኝ ነው?›› የሚለው ባለቤቱ ነው። ወጣቱ ሁለቴ ይጠይቃል፤ በሦስተኛው ቤት መጠየቁን ይተዋል። ሕጉስ? ሕግ አለን። ስለ ሕንጻ ኤሌክትሪክ ዝርጋታ የሚናገር የአገር ስታንዳርድ፣ ‹‹ኢ.ቢ.ሲ.ኤስ. 10›› የሚባለው፣ እ.ኤ.አ. በ1995 ወጥቷል። የኢነርጂ አዋጅ ቁጥር 810/2006 የኤሌክትሪክ ሥራ የሚሠራ ሰው የብቃት ማረጋገጫ እንዲኖረው ይጠይቃል። ወረቀቱ ከማብሰያ ቤታችን ጓዳ አልደረሰም እንጂ ወረቀትስ አላጣንም። ቆጣሪ ሲገባ ቆጣሪው ይታያል፤ ከቆጣሪው ወዲህ ያለውን ምጣድና ኦቭን በቴስተር ነክቶ ‹‹ይህ አይበራም›› የሚል ባለሥልጣን እኔ አላየሁም።

ቤት ሲቃጠል ደግሞ ሌላ ቃል አለችን፤ ‹‹ኮንታክት››። ‹‹መንሥኤው የኤሌክትሪክ ኮንታክት ነው›› ተብሎ ይዘጋል፤ ልክ ‹‹የእግዜር ቁጣ ነው›› እንደማለት። ኮንታክት ከሰማይ አይወርድም። ለአምፖል በተዘረጋ 1.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ገመድ ላይ የተሰካ ባለ 16 አምፔር ምጣድ ነው። ከሶፋ ሥር የተጠቀለለ ኤክስቴንሽን ነው። ላልቶ የሚፈላ የሶኬት ብሎን ነው። ከባሕር ዛፍ ማገር ላይ በምስማር የተመታ፣ በጭድና በጭቃ የተለሰነ፣ ከኮርኒሱ በላይ አይጥ የጋጠችው ሽቦ ነው። እያንዳንዱ ያኖረው ሰው አለ። ‹‹ኮንታክት›› የምትለው ቃል ግን ሰውየውን ከታሪኩ ታወጣዋለች። ‹‹ነዘረ›› ሴቲቱን ዝም ታሰኛለች፤ ‹‹ኮንታክት›› አባወራውን ነጻ ታወጣለች፤ በሁለት ቃል አንድ ሙሉ ጥፋት ተሸፈነ። ስለ ብርሃን ስንገጥም የኖርን ገጣሚዎችም አለንበት። መብራትን የዕውቀት ምሳሌ፣ ጨለማን የድንቁርና ምሳሌ አድርገን ስንት ስንኝ አፈሰስን! ስለ ገመዱ ግን ማን ገጠመ? ‹‹ገመድ ለግጥም አይመችም›› እንዳትሉኝ፤ ገመድማ በቅኔ ቤት የታወቀ ነው።

መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. የሕዳሴው ግድብ መሠረት ሲጣል፣ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ሲመረቅ፣ በመካከሉ 14 ዓመት አልፏል። ደመወዝተኛው ከደመወዙ፣ ገበሬው ከጤፉ ቦንድ ገዝቷል። የእኛ አገር ሰው ከዚህ ጉዳይ ያልገባበት የለም፤ 5150 ሜጋ ዋት የሚለውን ቁጥር ሕፃን ዐዋቂው ያውቀዋል። ከጉባ ተነሥቶ ተራራውን፣ በረሃውን፣ ወንዙን ተሻግሮ የሚመጣውን መሥመር መሐንዲሶች በየምሰሶው ሥር እየቀበሩ፣ እያንዳንዱን ብረት ከመሬት ጋር እያሰሩ ነው የሚያመጡት። የብረት ምሰሶ መሬት ተሰጥቶታል። ከዚያ ኹሉ መንገድ የሚቀረው ከቆጣሪው እስከ ማብሰያ ቤት ያለው ጥቂት ሜትር ነው፤ እርሱ የእኛ ነው፤ መሬት የተነፈገውም እዚያ ላይ ነው። ‹‹መብራት ኃይል›› እያልን የምንራገመው መሥሪያ ቤት በብዙ ነገር ይወቀሳል፤ በዚህች ጥቂት ሜትር ግን አይወቀስም።

ቤት ለምትሠራው ሰው፣ በተለይ ዘንድሮ ግድግዳ ላቆምኸው፤ ልስን ሳይጀመር ወደ ማብሰያ ቤቱ ግባ። ኦቭኑ ከሚገባበት፣ ምጣዱ ከሚሰካበት ሣጥን ውስጥ የወጣውን ገመድ ቁጠር። ሦስት ከኾነ፣ ሦስተኛውን በጣትህ ይዘህ እየተከተልህ ከቤት ውጣ፤ የት እንደሚገባ በዓይንህ እይ። ሁለት ከኾነ ልስን ሠሪውን አስቁመው። የቀኑን ክፈለውና ነገ ይመለስ።